የእትዬ ሰይዳ ሰርቪስ

ብርነሽ ጉልበቷን ፍራሹ ላይ ተክላ ገመዱን ስትስብ፣ ከግቢው መሐል የትራክተሩ ሞተር አጓርቶ ተነሣና የክፍሏ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ቋጠሮው ከእጇ አመለጠ። እንደገና ያዘችው፤ እንደገና አመለጠ።

"ብርነሽ!" አለ መካኒኩ ምናለ ከውጭ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ። "ሳፋው የት ነው? ሞተሩ ትንሽ ይሙቅና ዘይቱን ልለቅቀው ነው!"

"ከኒሙ ዛፍ ሥር! ዐይንህ የት ሄዶ ነው?"

"አየሁት፣ አየሁት! አትቆጪ!"

የሰርቪስ ቀን ነበር። ግንቦት ገብቶ፣ ዝናቡ ከመውረዱ በፊት፣ በሸሕዲ ዙሪያ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ሰዎች ትራክተሮቻቸውን ከየበረሃው እየነዱ ወደ እትዬ ሰይዳ ግቢ ያመጣሉ። ዘይት ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይጸዳል፣ ግራሶ ይሞላል። ይህ ሰርቪስ ነው። ብርነሽ የምትኖርባት፣ ከዋናው ቤት ጀርባ አጥሩን ተደግፋ የተሠራችው የቆርቆሮ ክፍልም ሰርቪስ ትባላለች። ዛሬ ደግሞ ልጇ ማህደር፣ ወደ ድንበሩ ጠጋ ካለችው ትንሽ ከተማ፣ ነርስ ሆና ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ፣ በሠራተኞች ሰርቪስ መኪና መጥታ ልትወስዳት ነው። እትዬ ሰይዳ እንዲያውም ከካርቱም ያስመጧቸውን የሻይ ብርጭቆዎችና ማንቆርቆሪያ "ሰርቪሴ" ነው የሚሏቸው፤ ከእንግዳ በቀር አይነካቸውም። ይህን ቃል ከእንግሊዝ አገር የላከው ሰው፣ እንዲህ ቤት ይሆናል፣ መኪና ይሆናል፣ ሻይ ይቀዳበታል ብሎ ያሰበ አይመስልም። የሸሕዲ ሰው ግን አንዴ ከተቀበለው ወዲያ ሥራ አላስፈታውም።

ብርነሽ ፍራሹን ትታ በልብሷ ጓዝ ላይ ቁጭ አለች። ላብ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል።

ለእትዬ ሰይዳ የነገረቻቸው ባለፈው ሳምንት ነው። "ማህደር ቤት ተከራይታ እናቴን ልውሰድ ትላለች" ስትላቸው፣ "እሰይ!" አሉ። "ማንኮራፋትሽን እንግዲህ የጤና ጣቢያው ሰው ይስማው።" ከዚያ በኋላ አንስተውትም አያውቁ። ብርነሽ ግን የምትለው ነገር ነበራት። ሰው ከሰው ቤት እንዲህ ዝም ብሎ አይወጣም፤ አመስግኖ ነው የሚወጣ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ "እትዬ፣ እኔ እኮ..." ብላ ትጀምራለች። እሳቸው "መጥረጊያው የት ገባ?" ይላሉ። ማታ እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ "እትዬ..." ትላለች። "ዝም በይ፣ ዜና ልስማ" ይላሉ። እንዲህ እያለ ሳምንቱ አለቀ።

አመስግናስ ብትጨርስ፣ ማን ከሳቸው ጋር ይቀራል? ባላቸው ሐጅ ሷሊህ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው ከውሰር ሱዳን ገዳሪፍ አግብታ ልጆች ታሳድጋለች። ወንዱ አብዱረሕማን ጎንደር ሱቅ አለው። ይህን ጥያቄ ብርነሽ ለማንም አላነሣችም። ሌሊት ሌሊት ግን ከአጠገቧ ይተኛ ነበር።

ብርነሽ ወደዚህ አገር የመጣችው ሰሊጥ ልታርም ነው። ከጎጃም፣ ከዳሞት፣ ከባሏ ጋር፤ አንድ ክረምት ሠርተን በሬ ገዝተን እንመለሳለን ብለው። ባሏን በእርሻው ካምፕ ትኩሳት ያዘው። ሆዱ አበጠ፣ ሥጋው አለቀ። ካላዛር ነው ሲባል ጊዜው አልፎ ነበር። እሱን ቀብራ ሸሕዲ ስትደርስ እሷም ታማለች፤ በሆዷ ደግሞ ልጅ አለ። አውቶቡስ የምትሳፈርበት ጉልበት አጥታ ከእትዬ ሰይዳ ሱቅ በረንዳ ላይ ተኛች። ሱቁ የትራክተር መለዋወጫና የሞተር ዘይት የሚሸጥበት ነበር። እትዬ ሰይዳ ወጥተው አዩዋት። አገርሽ የት ነው፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው አላሉም። የቀን ሠራተኞች ጠርተው ከሰርቪሱ የዘይት በርሜሎቹን አስወጡና አልጋ አስገቡ። "እስኪሻልሽ እዚህ ሁኚ" አሏት።

ሲሻላት፣ እስክትወልድ ተባለ። ማህደር በሳቸው እጅ ተወለደች። ከዚያ ልጅቷ እስክትጠና፣ ከጠናች በኋላ ትምህርት እስክትጀምር፣ ከጀመረች በኋላ እስክትጨርስ። "እስኪሻልሽ" የተባለው ቃል እንዲህ እያለ ዕድሜ ሆነ። ብርነሽ ሱቁን ትከፍታለች፣ ግቢውን ትጠርጋለች፣ ለትራክተር ነጂዎቹ ሻይ እያፈላች ትሸጣለች፤ የሻዩ ገንዘብ የራሷ ነው። ደመወዝ ተቀብላ አታውቅም፤ ኪራይም ከፍላ አታውቅም።

ሞተሩ ጠፋ። ከግቢው የሴቶች ድምፅ መሰማት ጀመረ።

የሰርቪስ ቀን በዚያ ሠፈር ከገበያ ቀን አያንስም። ከሞተር የሚወጣውን ጥቁር ዘይት የሚደፋ የለም። ምስጥ የቤት ምሰሶ ቆርጥሞ በሚጥልበት አገር፣ ምሰሶ የሚቀባ የተቃጠለ ዘይት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሴቶቹ ጣሳና ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ማንም ከመቅዳቱ በፊት ግን እትዬ ሰይዳ እግራቸውን ይነክራሉ። ለብ ያለ የተቃጠለ ዘይት የተሰነጠቀ ተረከዝ ይደፍናል ይባላል፤ የግቢው ባለቤት እግር የነካው ዘይት ደግሞ ምስጡን ጨርሶ ያርቃል የሚሉ አሉ። እትዬ ሰይዳ በዚህ ይስቃሉ። መንከራቸውን ግን አይተዉም።

ሳፋውን የምታቀርብላቸው ብርነሽ ናት። መጀመሪያ የእጇን ጀርባ ዘይቱ ላይ ታስነካለች። ከፈጀ ትጠብቃለች። ለብ ሲል፣ "እሽ፣ አሁን" ትላቸዋለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ይህን ነገር ሥራ ብሎ የቆጠረው ሰው አልነበረም፤ ብርነሽም ጭምር።

"እትዬ፣ ዛሬስ ቶሎ ይንከሩልን፤ ምሰሶዬ ሊወድቅ ነው" ስትል ጎረቤቷ ሙሚና ተሰማች።

"ያንቺን ምሰሶ ምስጥ አይደለም የሚጥለው" አሉ እትዬ ሰይዳ። "ባልሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ተደግፎት የሚውለው እሱ አይደል?"

ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሙሚና ነበረች። "ወላሂ እውነትዎን ነው! እንግዲያው ዘይቱን ባሌን ልቀባው!"

ብርነሽም ብቻዋን ፈገግ አለች። በዚያው ቅጽበት የጓሮው ትንሽ በር ተንኳኳና ማህደር ገባች። ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ በክንዷ ይዛለች። ከኋላዋ የሰርቪሱ ነጂ ጋሽ ቸሩ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ መሐረብ በአንገታቸው የጠመጠሙ፣ ከበሩ ላይ ቆመው እጅ ነሡ።

"ሰላም ዋልሽ፣ የማህደር እናት! መድኃኒቱን ከመጋዘን ጭኛለሁ፤ የቀረኝ ያንቺ ዕቃ ነው" አሉ። "ሠራተኞቹን ለመመለስ አስር ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው መድረስ አለብኝ እንጂ፣ አልቸኩልሽም ነበር።"

ጋሽ ቸሩ በየጠዋቱ ሸሕዲ የሚኖሩትን የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሰብስበው ይወስዳሉ፤ ማታ ይመልሳሉ። ማህደር ግን ሥራ እንደያዘች ቤቷን እዚያው ጤና ጣቢያው አጠገብ ነበር ያደረገችው።

ጋሽ ቸሩ የታሰረውን ሣጥንና ጓዝ አንሥተው ወደ መኪናው ሄዱ። ማህደር እናቷን ስማ ዙሪያዋን ተመለከተች።

"እማዬ፣ አሁንም አላለቀም?"

"አልቋል። ይህ ቋጠሮ ነው እንጂ።"

"ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አልጋሽን አንጥፌ ነው የመጣሁት። በሩ ወደ መንገድ ነው የሚከፈተው፤ የማንም ጓሮ አይደለም።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ። እንደገባሁበት ቆጠርሁት።"

"ታዲያ ፊትሽ ለምን ጠቆረ?"

ብርነሽ ገመዱን በእጇ ጠቀለለች፣ ፈታች። "እትዬ ብቻቸውን..."

"ልጆች አሏቸው እማዬ።"

"አሏቸው። አንዷ ገዳሪፍ፣ አንዱ ጎንደር።"

ማህደር በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ይህን ንግግር በልቧ ደጋግማ ያዘጋጀችው ይመስላል፤ ሲወጣ ግን እንዳዘጋጀችው አልወጣም።

"ኮሌጅ እያለሁ፣ ጓደኞቼ ቤታችሁ የት ነው ሲሉኝ ሰርቪስ ቤት አልሁ። 'እናትሽ የቤት ሠራተኛ ናት?' አሉኝ። ዝም አልሁ። ምን ልበላቸው? ነሽ ልበል፣ አይደለሽም ልበል? ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። ቃሉ ገጽ ሙሉ ይዟል። መኪና ማደስ ይላል። ውትድርና ይላል። የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይላል። ምግብ ማቅረብ ይላል። የፈለግሁትን ያህል ባነብ አንቺ የለሽበትም፤ ወይም በሁሉም ውስጥ አለሽ።"

"እሱማ አልገባኝም" አለች ብርነሽ። "ግን የሰው ነገር መሥራት ምን ክፉ አለው? ዲያቆኑ ምን ያደርጋል? አንቺስ ጤና ጣቢያ ምን ስታደርጊ ነው የምትውዪ?"

"እኔ ማታ ቤቴ እገባለሁ!"

"እኔም ማታ የምገባው ቤቴ ነው" አለች እናትየዋ፣ የክፍሏን ቆርቆሮ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። የማህደር ዐይን እንባ አዘለ።

"እማዬ፣ ይህን ቤት ልሰጥሽ ከሕፃንነቴ ጀምሬ አስቤበታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተቀበዪኝ።"

ከግቢው የእትዬ ሰይዳ ድምፅ መጣ። "ብርነሽ! ሳፋው!"

ብርነሽ ከልምዷ ተስፈንጥራ ተነሣች። ማህደር የቀሚሷን እጅጌ ያዘች። "ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ያቅርብላቸው።"

"መጣሁ፣ እትዬ! ይህችን ቋጠሮ ብቻ!" አለች ብርነሽ፣ በልጇ እጅ እንደተያዘች።

ከዚያ፣ "ተዪው፣ ተዪው" አሉ እትዬ ሰይዳ። "ከእንግዲህ ማን ሊያቀርብልኝ ነው? ራሴን ላልምደው።"

"እማማ፣ ትንሽ ይቆዩ" ሲል ምናለ ተሰማ። "ሞተሩ የጠፋው ገና አሁን ነው።"

"ስንት ዓመት የነከርሁትን አንተ ልታስተምረኝ? ግባ ወደ ብረትህ!" የሳፋው መጎተት ተሰማ። "ይኸው፣ በእግሬ ጣት አየሁት። ለብ ብሏል።"

በሰርቪሱ ውስጥ እናትና ልጅ ተያይተው ቆሙ። ማህደር እጅጌውን ለቀቀች። በነገሩ ሳታፍር አልቀረችም። "እሽ፣ ቋጠሮውን ጨርሺ። እኔ ሄጄ ልስማቸው" ብላ ወጣች።

እትዬ ሰይዳ ከኒሙ ጥላ ሥር በጠፍር አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠቀለሉበትን ቶብ እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ሁለት እግራቸውን በጥቁሩ ዘይት ውስጥ ከትተዋል። ምናለ በትራክተሩ ሆድ ሥር ገብቶ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ሴቶቹ በአጥሩ ጥላ ውስጥ ጣሳቸውን አስቀምጠው ያወራሉ።

"ሀቦባ!" አለች ማህደር። በሱዳንኛ አያቴ ማለት ነው። የከውሰር ልጆች ለጥየቃ ሲመጡ ሲጠሯቸው ሰምታ፣ እሷም ከልጅነቷ በዚሁ ቀርታለች።

"ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ! መጣሽ? ነይ ሳሚኝ፤ እኔ አልነሣም፣ ተነክሬያለሁ!"

ማህደር ልትስማቸው ስትጎነበስ ሚዛኗን ለመጠበቅ የሳፋውን ጠርዝ ያዘች። ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

"ሀቦባ፣ ይፋጃል!"

"ምኑ?"

"ሳፋው! እግርዎን ያውጡ!"

"ለብ ብሏል እኮ፣ አንቺ..."

ማህደር አልጠበቀችም። ቁርጭምጭሚታቸውን በሁለት እጇ ይዛ አወጣችው። ጥቁሩ ዘይት ሲንጠባጠብ ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጥቶ፣ እዚህም እዚያም ውሃ ቋጥሮ ታየ። ሙሚና "ያ አላህ!" ብላ ጮኸች።

"አላመምዎትም? ሀቦባ፣ ይዩኝ፤ አላመምዎትም?"

እትዬ ሰይዳ እግራቸውን እንደ ሌላ ሰው እግር ተመለከቱት።

ብርነሽ እየሮጠች መጣች። እግሩን ስታይ ሁለት እጇን በራሷ ላይ ጫነች። "እኔ ነኝ! በእጄ ሳላየው! እኔ ነኝ!"

"እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ" አለች ማህደር፤ ቀና አላለችም። "አሁን ውሃ አምጪ። ንጹሕ፣ ብዙ።"

ምናለ ከትራክተሩ ሥር ወጥቶ ፊቱ አመድ መስሏል። "ትንሽ ይቆዩ ብዬ ነበር እኮ..."

"ብለሃል፤ ዝም በል" አሉ እትዬ ሰይዳ። "ያልሰማህ እግሬ ነው፣ እኔ አይደለሁም።"

ሙሚና በጣቷ ግራሶ ዝቃ መጣች፤ ቃጠሎ ላይ ግራሶ መቀባት የሠፈሩ ልማድ ነው። "ምንም አይቀባ!" አለች ማህደር። ለስላሳዋ ልጅ እንዲህ ስትጮህ የሰማት አልነበረም። "ምንም! ውሃ ብቻ!"

ውሃው በእግራቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ጋሽ ቸሩ ነገሩን ሲሰሙ ማንም ሳያዝዛቸው የጫኑትን ሣጥንና ዕቃ ከመኪናው አውርደው አጥሩ ሥር ደረደሩ።

"ጋሼ፣ መኪናው የመሥሪያ ቤት ነው፤ ይጠይቁዎት ይሆን?" አለች ማህደር።

"ይጠይቁኝ" አሉ። "ጡረታ እስክወጣ የሰርቪስ ዘመኔን የምቆጥረው በዚች መኪና ነው። ነርስና መድኃኒት አመላለስኩባት፤ በሽተኛ አልጭንም ብል ምን ልትባል ነው?" እትዬ ሰይዳን ከምናለ ጋር ተሸክመው ከፊት ወንበር አስቀመጧቸው፤ ብርነሽና ማህደር ከኋላ ገቡ።

የከተማው ሆስፒታል አልተጨናነቀም ነበር። ሐኪሙ ቁስሉን አየ፤ ጣታቸውን ወግቶ ደማቸውን ለካ፤ በሾለ ነገር የእግራቸውን ሥር እየነካ "ይሰማዎታል?" አለ። "የቱ?" እያሉ ጠየቁት። ሐኪሙ ወደ ማህደር ዞረ፤ ሙያዋን ነግራው ስለነበር በዝርዝር ማስረዳት አላስፈለገውም።

"ስኳር ነው። የቆየ ነው። እግራቸው ስሜት አጥቷል" አለ። "ቁስሉ ከፍቶ አይደለም የመጣው፤ ይድናል። ግን በየቀኑ መታጠብ አለበት። መድኃኒቱንም የሚያስታውሳቸው ሰው ያስፈልጋል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩ?"



እግራቸው ተጠቅልሎ አግዳሚው ላይ ሲጠብቁ ብርነሽ ጠጋ አለች። "እትዬ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?"

"ከረመዳን ወዲህ ጫማዬ ከእግሬ ሲወልቅ አላውቅም። አንዳንዴ አንዱን አድርጌ አንዱን ትቼ ሱቅ እደርሳለሁ።"

"ውሃ ሲያበዙም አይቻለሁ። ሙቀቱ ነው አልሁ፤ በሸሕዲ ውሃ የማያበዛ ማን አለ ብዬ። ለምን አልነገሩኝም?"

"ልጅቷ ሥራ ስትይዝ እንደምትወስድሽ አውቅ ነበር" አሉ እትዬ ሰይዳ፣ ግድግዳውን እያዩ። "ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?"

ማህደር አጠገባቸው ቆማ መድኃኒቱን ይዛለች። ይህን ሰማች። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ የምታነብ መስላ አቀረቀረች፤ ማንበብ ግን አልቻለችም። በልቧ ስታጠራቅመው የኖረችው ቁጣ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ትንሽ ልጅ ሆና ኩፍኝ የያዛት ጊዜ፣ በዚህች ሴት ጀርባ ታዝላ ከወዲህ ወዲያ ስትንሸራሸር የሸተታትን የቶቡን የሰንደል ሽታ ዛሬም ታውቀዋለች። ያኔ "ይህ ሰርቪስ ነው ወይስ ዋናው ቤት ነው" ብላ አልጠየቀችም።

ግቢው ሲደርሱ ሴቶቹ ከነጣሳቸው እንደቆሙ ነበሩ። ዘይቱ ሳይነካ በሳፋው ውስጥ ቀዝቅዟል።

"ምን ታያላችሁ? ቅዱ እንጂ!" አሉ እትዬ ሰይዳ ከመኪናው ሲወርዱ።

"እትዬ፣ እግርዎን ያቃጠለውን?" አለች ሙሚና ዐይኗን እየጠረገች።

"እኔን ያልራራልኝ ለምስጥ ይራራል? ቅጂ፣ ባልሽንም ቀቢው!"

ሳቁ ከለቅሶው ጋር ተደባልቆ ወጣ። ጣሳው መንኳኳት ጀመረ። ምናለ እየቀዳ አከፋፈለ፤ የሚመጣውን ሁሉ ግን በእጁ ጀርባ እየነካ ነበር።

እትዬ ሰይዳን በዋናው ቤት አልጋቸው ላይ አስተኟቸው። ብርነሽ ትራስ ከእግራቸው ሥር አደረገች፤ ከዚያ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማህደር በሩ ላይ ቆማለች።

"እትዬ" አለች ብርነሽ። "ዛሬ ዜና የለም፣ መጥረጊያም አልጠፋም። ይሰሙኛል።"

"እግሬን አሥራችሁኝ የት እሄዳለሁ?"

"ከበረንዳ አንሥተውኛል። ልጄን በእጅዎ ተቀብለዋታል። እኔ አገር አልነበረኝም፤ እርስዎ አገር ሆኑኝ። አንድ ቀን አመስግኜዎት አላውቅም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።"

እትዬ ሰይዳ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

"ያን ዕለት ለምን እንዳስገባሁሽ ታውቂያለሽ?"

"አዝነውልኝ ነዋ።"

"ምን አዝኜ! ሐጅ ያን ክፍል በዘይት በርሜል ሞልቶት፣ ሽታው መኝታዬ ድረስ እየገባ፣ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። ንቅንቅ አላደርገውም አለ። አንቺን በረንዳው ላይ ሳይሽ፣ የታመመች እርጉዝ ካስገባሁ በርሜሉን አይመልሰውም አልሁ። ኸላስ፣ በቃ። የኔ ደግነት ይህ ነው። በርሜል ለማስወጣት ነው ያስገባሁሽ!"

ብርነሽ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መሰላቸው፤ እየሳቀች ነበር። እትዬ ሰይዳም ሳቁ። በሩ ላይ ያለችው ማህደር ጋዋኗን አፏ ላይ አደረገች።

"ከዚያ በኋላ ግን" አሉ እትዬ ሰይዳ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ "ይቺ ቢት ተወልዳ ስታለቅስ፣ ሐጅ ከሱቅ ሮጦ መጥቶ 'ምን ሆነች?' ይላል። እኔ አልጠራሁት። በርሜሉን እሱም ረሳው፣ እኔም ረሳሁት። እስከ ዛሬ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።"

"ቢሆንም አመሰግናለሁ" አለች ብርነሽ።

"ለበርሜሉ?"

"ለበርሜሉም።"

እትዬ ሰይዳ እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ነካ አደረጓት። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "አሁን ሂጂ። መኪናው ይጠብቅሻል። ከውሰር ነገ ትመጣለች።"

"ደወለች?"

"ትደውላለች።"

ብርነሽ የከውሰርን የመጨረሻ ጥሪ ታውቀዋለች፤ ስልኩን አንሥታ ለእትዬ የሰጠቻቸው እሷ ናት፤ የከውሰር ትንሹ ልጅ ታሞ እንደነበር፣ በዚህ ክረምት መምጣት እንደማትችልም ሰምታለች። ይህን አልተናገረችም። ተነሥታ በማህደር አጠገብ አልፋ ደጃፉ ላይ ቆመች። ልጇን ቅሪ አላለቻትም፤ ልሂድም አላለች። አንዲቱ ሕይወቷን ሰጥታታለች፤ አንዲቱ ሕይወቷ ናት። ማህደር የሰጠቻትን ቤት እምቢ የማለት አቅም አልነበራትም።

ጥላው ረዝሟል። ጋሽ ቸሩ ከመኪናው ጎን የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። አጥሩ ሥር የተደረደረው ሣጥንና ዕቃ፣ በክፍሏ ውስጥ የቀረው ፍራሽ፣ እንዳሉ ናቸው።

"እንግዲህ ልጄ፣ ሠራተኞቹ ይጠብቁኛል" አሉ። "ፍራሹን ልጫን?"

ማህደር ያነጠፈችውን አልጋ አሰበች። ወደ መንገድ የሚከፈተውን በር አሰበች። ለጎረቤቶቿ ሁሉ "እናቴ ዛሬ ትመጣለች" ብላ ነግራቸው ነው የመጣችው። ወደ ቤቱ ዘወር ስትል እናቷን አየች፤ እናቷ ግን ወደሷ አልነበረም የምታየው፤ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ እንዳለ ጆሮዋን አዘንብላ ትሰማለች።

"ጋሼ" አለች ማህደር፣ "ጠዋት ሠራተኞቹን ሲሰበስቡ በዚህ በኩል ነው የሚያልፉት?"

"በዚሁ ነው። ጎህ ሲቀድ።"

"ከነገ ጀምሮ እኔም አለሁበት። ውጭ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። "ክላክስ ብቻ አያድርጉ፤ ሀቦባ እንዳይነቁ።"